የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ አመራረጥ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር መንገድ

«አቦ፣ ድሬ እሳት ናት፤ ወፍራሙን ስጠኝ!»

ይህን ጋራዣችን በር ላይ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምሰማው መቁጠር ትቻለሁ። ጥያቄው መልኩን እየለወጠ ይመጣል። ለቪትዝ ስንት ቁጥር ዘይት ይሻላል? ሐረር የሚመላለስ መኪና ዘይቱ ይለያል? ፊልትሮው ከገጠመ የማን ሥራ መሆኑ ምን ያደርጋል? ቆሜ ከምደጋግመው አንድ ጊዜ ልጻፈውና የጠየቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልላከው ብዬ ነው።

ዋናውን ከፊት ላስቀምጥ። የዘይቱን ቁጥር የሚወስነው ሞተሩ ነው፤ ከተማው አይደለም። የድሬዳዋ ሙቀትና አቧራ፣ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያለው የደንገጎ ዳገትም የሚወስኑት ዘይቱና ፊልትሮው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቆዩ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፦ ቁጥሩን ያወፍርና የመቀየሪያውን ጊዜ ያራዝማል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የመኪናው መጽሐፍ፤ ከሌለ የሞተሩ ዓይነት መለያ (አገኛኙን በደረጃ 1 አሳያለሁ)
- ትክክለኛው ዘይት፣ ከሚፈለገው መጠን በትንሹ ከፍ ብሎ
- አዲስ የዘይት ፊልትሮ
- ለማፍሰሻው ብሎን አዲስ ሮንዴላ (ከብሎኑ ሥር የሚገባው ቀለበት)
- ለብሎኑ ልክ የሆነ ቁልፍ፤ በብዙ ቶዮታዎች 14 ቁጥር ነው
- የፊልትሮ መፍቻ
- ክሪክ፣ ማቆሚያ ብረት ወይም ጠንካራ ግንድ፣ ለጎማ ድንጋይ
- ቢያንስ 8 ሊትር የሚይዝ ሰፊ ሳፋ
- ንጹሕ ጨርቅ፣ ጓንት፣ ከወገቡ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ (ዘይት ለመጨመር ከዚህ የሚሻል ማንቆርቆሪያ አላየሁም)

ዕቃውን በጠዋት ይግዙ። በቀትር አብዛኛው ሱቅ ያርፋል፤ ዘይቱን አፍስሰው ከጨረሱ በኋላ ሮንዴላ እንደጎደለዎት ቢያውቁ መኪናዎ እስከ ማታ ክሪክ ላይ ይቆያል።

ደረጃ 1፦ ሞተርዎን ይለዩ

«ቪትዝ ነው» ማለት አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የቪትዝ ትውልድ ውስጥ ብቻ ባለ 1.0፣ ባለ 1.3 እና ባለ 1.5 ሊትር ሞተር አለ፤ የሚይዙትም የዘይት መጠን ይለያያል። ኮፈኑን ከፍተው የመኪናውን የብረት ሰሌዳ ይፈልጉ። በኮፈኑ ውስጥ ካጡት የበሩ ምሰሶ ላይ ይኖራል። እዚያ ላይ እንደ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ወይም 2ኬዲ-ኤፍቲቪ ያለ መለያ ያገኛሉ፤ ፎቶ አንሥተው በስልክዎ ያስቀምጡት።

ቀጥሎ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ይመልከቱ። ብዙ አምራቾች የሚፈለገውን ቁጥር ክዳኑ ላይ ያትሙታል። መጽሐፉ በጃፓንኛ ወይም በዐረብኛ ቢሆንም አይተዉት፤ ቁጥሮቹና የላቲን ፊደሎቹ በማንኛውም ቋንቋ ያው ናቸው።

ይህ ደረጃ ለምን ይቀድማል? ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚመሠረተው በእሱ ላይ ስለሆነ ነው። ጎረቤትዎ «እኔ ይህን ጨምሬ አምስት ዓመት ነዳሁ» ቢልዎ ስለ እሱ ሞተር ነው የነገረዎ።

ደረጃ 2፦ የውፍረቱን ቁጥር ያንብቡ

5ደብሊው-30 (5W-30) የሚል ጽሑፍ ሁለት ነገር ይነግርዎታል። «ደብሊው» ክረምትን ያመለክታል፤ ከእሱ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ የሚያሳየውን ጠባይ ይገልጻል፤ ሲያንስ በብርድ ቶሎ ይፈሳል ማለት ነው። ኋላ ያለው ቁጥር ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚኖረው ውፍረት ነው።

አሁን ወደ «ድሬ እሳት ናት» እንመለስ። የሞቀ ሞተር ውስጥ ያለው ዘይት 100 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ይህም አዲስ አበባ ቢሆን ድሬዳዋ ብዙ አይለያይም፤ ቴርሞስታቱና ራዲያተሩ የሞተሩን ሙቀት በልክ እንዲይዙ ነው የተሠሩት። ደግሞ 30 ቁጥር ዘይት በ40 ዲግሪ ሳለ፣ በ100 ዲግሪ ከሚኖረው ውፍረት በስድስት እጥፍ ገደማ ይወፍራል። ስለዚህ በግንቦት ቀትር ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር የቆመ መኪና ሲነሣ ዘይቱ ከሚሠራበት ውፍረት ገና በብዙ እጥፍ የወፈረ ነው። እርስዎ «ቀጠነ» ብለው የሚፈሩት ዘይት በዚያ ሰዓት እንዲያውም ወፍራም ነው።

ከልክ በላይ ወፍራም ዘይት ምን ያደርጋል? ሲነሣ ወደ ሞተሩ የላይኛው ክፍል ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሞተር ደግሞ አብዝቶ የሚበላው በእነዚያ ሰከንዶች ነው። የቫልቭ ጊዜን በዘይት ግፊት የሚያስተካክሉ ሞተሮች (በቶዮታ «ቪቪቲ-አይ» የተጻፈባቸው) በጠባብ ቀዳዳዎች የሚያልፍ ዘይት ስለሚጠቀሙ ሥራቸው ይዛባል። ነዳጅም ይጨምራል።

እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው፦

- ኋላ ያለውን ቁጥር መጽሐፉ ካላዘዘ አይንኩ።
- ፊት ያለው ቁጥር በእኛ አገር ብዙ አያስጨንቅም። 5ደብሊው-30 ከገበያ ቢጠፋና መጽሐፉ 10ደብሊው-30 ከፈቀደ ያለ ሥጋት ይጠቀሙ። ልዩነቱ የሚታየው ከዜሮ በታች ባለ ብርድ ነው፤ ያ ድሬዳዋ አይደርስም፣ የሐረር የታኅሣሥ ማለዳም ለዚህ አይበቃም።
- ብዙ መጻሕፍት ለከባድ ጭነትና ለከፍተኛ ፍጥነት አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ዘይት ይፈቅዳሉ። ጭነው ደንገጎን በየቀኑ የሚወጡ ከሆነ ያንን ሠንጠረዥ ይፈልጉ፤ ፈቃዱ ካለ ይጠቀሙበት። ከድሬዳዋ 1200 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ሐረር ወደ 1900 ሜትር የሚደርሰው መንገድ ዘይቱን ከሜዳ ጉዞ የበለጠ ያሞቀዋል።

20ደብሊው-50 መጥፎ ዘይት አይደለም፤ ቦታው ሌላ ነው። የሐረር ፔዦ 404 ታክሲዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1960 መመረት የጀመረ ሞዴል ናቸውና፣ በክፍሎቻቸው መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት አለ፤ ወፍራሙ ለእነሱ ይስማማል። ለእነሱ የሚስማማው ለያሪስ አይስማማም።

ደረጃ 3፦ የጥራት ደረጃውን ፊደል ያረጋግጡ

ቁጥሩን ብቻ አይቶ መግዛት ግማሽ ሥራ ነው። ጄሪካኑ ጀርባ ላይ «ኤፒአይ» ከሚለው አጠገብ ሁለት ፊደል ይፈልጉ። በ«ኤስ» የሚጀምር ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምር ለናፍጣ ነው። ከኤስ ቀጥሎ ያለው ፊደል በላቲን ፊደል ተራ ወደ መጨረሻው በቀረበ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው፦ ኤስኤን እ.ኤ.አ. በ2010፣ ኤስፒ በ2020 የወጡ ናቸው። በቤንዚን ሞተር አዲሱ የቀድሞውን ስለሚተካ መጽሐፍዎ ኤስኤል ቢልና ኤስኤን ቢያገኙ ደስ ብሎዎት ይግዙ። ወደ ቀድሞው ደረጃ መመለስ ግን አይቻልም። ኤስኤፍ ወይም ኤስጂ ብቻ የተጻፈበት ርካሽ ዘይት ካዩ ይለፉት፤ እነዚህ ከአገልግሎት የወጡ ደረጃዎች ናቸው፣ ለዛሬ ሞተር በቂ መከላከያ የላቸውም።

ለናፍጣ ሲኤች-4፣ ሲአይ-4፣ ሲኬ-4 የሚሉትን ያያሉ። የናፍጣ ዘይት ጥቀርሻን በውስጡ ይዞ የሚያቆይ ቅመም አለው፤ ለዚህ ነው ሒሉክስና አይሱዙ ላይ አዲስ ዘይት በጥቂት ቀን የሚጠቁረው። መጥቆሩ ሥራውን መሥራቱ ነውና አይደንግጡ። ጭስ ማውጫው ላይ የጥቀርሻ ማጣሪያ ያለው አዲስ የናፍጣ መኪና ካለዎት አመዱ አነስተኛ የሆነ ዘይት ይፈልጋል፤ መጽሐፉ የሚጠራውን ፊደል በትክክል ካላገኙ አይግዙ፤ ማጣሪያው ከተደፈነ ዋጋው ከብዙ ዓመት ዘይት ይበልጣል።

የባጃጅ ባለቤቶችም ስለሚጠይቁኝ፦ የባጃጅ ፍሪሲዮን በሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው። የመኪና ዘይት ውስጥ ያለው ግጭት ቀናሽ ቅመም ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ጄሪካኑ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ይፈልጉ።

ደረጃ 4፦ መጠኑን አስልተው ይግዙ

መጽሐፉ ሁለት መጠን ይሰጣል፤ ፊልትሮ ሲቀየርና ሳይቀየር። የመጀመሪያውን ይውሰዱ። ለምሳሌ ባለ 1.5 ሊትሩ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ይይዛል፤ የሒሉክሱ 2ኬዲ-ኤፍቲቪ 6.9 ሊትር ገደማ። ባለ 4 ሊትር ጄሪካን ገዝተው ለመጀመሪያው መኪና ሁሉንም ከገለበጡ ከልክ አልፏል ማለት ነው። የቀረችውን ለመሙያ ያስቀምጧት።

ደረጃ 5፦ ጄሪካኑን ይመርምሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ትክክለኛ ቁጥር የተለጠፈበት ሐሰተኛ ዘይት ከተሳሳተ ቁጥር ይብሳል።

1. የክዳኑን ቀለበት ይመልከቱ። ሲከፈት የሚበጠሰው ቀለበት ተበጥሶ፣ ተጣብቆ ወይም ላልቶ ከሆነ አይግዙ።
2. ከክዳኑ ሥር የሚኖረው የታሸገ ፎይል የተሸበሸበ ወይም በሙጫ የተለጠፈ እንዳይሆን።
3. የምርት ቀኑና የምድቡ ቁጥር በአብዛኛው ፕላስቲኩ ላይ ይታተማል። በጣት ሲያሹት የሚጠፋ ከሆነ ይመልሱት።
4. አንድ ዓይነት ሁለት ጄሪካን አጠገብ ለአጠገብ ያቁሙ። የዘይቱ ከፍታ፣ የክዳኑ ቀለምና የጽሑፉ ጥራት ይመሳሰል።
5. ይመዝኑት። አንድ ሊትር የሞተር ዘይት ከ850 እስከ 900 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ 4 ሊትር ከ3.4 ኪሎ በታች ከሆነ ጎድሏል። ሚዛን ሐሰተኛነቱን አይነግርዎትም፤ መጉደሉን ግን አይደብቅም።

ከበርሜል እየተቀዳ በሊትር የሚሸጥ ዘይት ርካሽ ነው። ምን እንዳለበት ማወቂያ ግን የለዎትም። ሱቁ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ከርሞ ወረቀቱ የነጣ ጄሪካንም አይማርከኝም፤ ሙቀቱ በራሱ ዘይቱን ቶሎ አያበላሸውም፤ ነገር ግን ዕቃው ብዙ መቆየቱን ይነግራል፣ ስለዚህ ቀኑን ይጠይቁ።

ሁሉን ሲጨርሱ፣ አሮጌውን ዘይት ይዘውበት ከሆነም ካስረከቡ በኋላ፣ ባዶውን ጄሪካን በካራ ይብሱት። ሳይበሱ ከጣሉት ነገ ሌላ ነገር ተሞልቶ ሊሸጥልዎ ይችላል።

ደረጃ 6፦ ፊልትሮውን ይምረጡ

ሰው ዘይት ላይ ያወጣውን ገንዘብ ፊልትሮ ላይ ሊያካክሰው ይሞክራል። የድሬዳዋ አቧራ ግን ከዘይቱ ይልቅ ፊልትሮውን ነው የሚፈትነው።

የሚገዙት በክፍሉ ቁጥር ነው። አሮጌውን ፈቶ ወደ ሱቅ ወስዶ «እንዲህ ያለ» ማለት የተለመደ ነው፤ ባለፈው ጊዜ የተገጠመው ራሱ የተሳሳተ ቢሆንስ? ሁለት ፊልትሮ ጥርሱ አንድ ሆኖ ሁለቱም ሊገጥም ይችላል፤ የጎማው ቀለበት ስፋትና በውስጡ ያለው ቫልቭ የሚከፈትበት ግፊት ግን ሊለይ ይችላል። ገጠመ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም።

በእጅዎ ሲይዙት ይህን ያረጋግጡ፦

- የጎማ ቀለበቱ ዙሪያውን እኩል፣ ለስላሳ፣ ያልተሰነጠቀ ይሁን። የደረቀ ከሆነ ይፈሳል።
- ውስጡ ያለው የጎማ ክዳን። በትንንሾቹ ቀዳዳዎች ሲያዩ ጎማ ይታያል። በክብሪት እንጨት ቀስ ብለው ይጫኑት፤ ተጭኖ መመለስ አለበት። ሥራው ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ከፊልትሮው ወደ ታች እንዳይመለስ መያዝ ነው። በተለይ ፊልትሮው ጎኑን ወይም አፉን ወደ ታች ደፍቶ በሚገጠምባቸው ሞተሮች ይህ ክዳን ከሌለ ወይም ከደረቀ፣ በየማለዳው ሲያስነሡ ለሁለትና ሦስት ሰከንድ የብረት ኳኳታ ይሰማሉ። ከሲሊኮን የተሠራው ሙቀትን ከተራው ጎማ የበለጠ ይችላል።
- ማሳለፊያ ቫልቭ። ወረቀቱ ሲደፈን ዘይት ሳይጣራም ቢሆን ወደ ሞተሩ እንዲያልፍ የሚያደርግ ነው። ከውጭ ስለማይታይ ካርቶኑ ላይ ወይም በክፍሉ ቁጥር ያረጋግጡ። በአንዳንድ መኪናዎች ይህ ቫልቭ ፊልትሮው ላይ ሳይሆን ሞተሩ ላይ ነው፤ በትክክለኛው ቁጥር መግዛት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።
- ጥርሱ ንጹሕ ይሁን። ብናኝ ብረት ካዩበት ያ ብናኝ በቀጥታ ወደ ሞተር ይሄዳል።

አንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ቆርቆሮ የሌለው፣ ወረቀቱ ብቻ የሚቀየር ፊልትሮ አላቸው። ከእሱ ጋር የሚመጡትን የጎማ ቀለበቶች ሁሉንም ይቀይሩ፤ «አሮጌው ደህና ነው» ብለው አያስቀሩ።

ደረጃ 7፦ ይቀይሩ

1. ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያህል ያስነሡና ያጥፉ። ለብ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል፤ የፈላ ደግሞ እጅ ይልጣል።
2. ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ጎማውን በድንጋይ ይደግፉ። በክሪክ አንሥተው በማቆሚያ ብረት ወይም በግንድ ያስደግፉ።
3. የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ይክፈቱ፣ ሳፋውን ያስገቡ፣ የማፍሰሻውን ብሎን ይፍቱ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይተዉት።
4. የወረደውን ይመልከቱ። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለበት ወይም ወተት የተቀላቀለበት ሻይ ከመሰለ (ውሃ ገብቶበታል) ዘይት ቀይሮ መሄድ መፍትሔ አይሆንም፤ መካኒክ ይየው።
5. ብሎኑን በአዲስ ሮንዴላ መልሰው ያጥብቁ። ጥርሱ የገባበት ኮፓ (የዘይቱ ማጠራቀሚያ) በብዙ መኪና አሉሚኒየም ነውና በጉልበት አይደለም።
6. አሮጌውን ፊልትሮ ፈተው የጎማ ቀለበቱ አብሮ መውጣቱን በዓይንዎ ይዩ። ለምን አስምሬ እንደጻፍኩት ከታች እነግርዎታለሁ።
7. የአዲሱን ቀለበት በአዲስ ዘይት ያርጥቡ፤ ደረቅ ጎማ ሲዞር ይጣመማል። በእጅ ያዙሩት፤ ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃል። በመፍቻ አያጥብቁት።
8. ከሚፈለገው ግማሽ ሊትር አስቀርተው ይጨምሩ። ያስነሡ፤ ቀዩ የዘይት መብራት በጥቂት ሰከንድ ካልጠፋ ወዲያው ያጥፉ።
9. አጥፍተው አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። የመለኪያውን ዘንግ ጠርገው፣ መልሰው አስገብተው ያንብቡ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ጠጋ እስኪል ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ይሙሉ።

ስለ ቀለበቱ። ገና ሥራ በምማርበት ጊዜ አንድ ኮሮላ ላይ ፊልትሮ ቀየርኩ። አሮጌው ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር፤ በላዩ ላይ አዲሱን አሰርኩበት። ግቢ ውስጥ ሳስነሣው አንዲት ጠብታ አልወጣም። ባለቤቱ ወደ ሐረር ሲወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ግፊቱ ሲጨምር ሁለቱ ጎማ ተንሸራተተ፤ ዘይቱ አስፋልት ላይ ፈሰሰ። ሰውዬው ቀዩን መብራት አይቶ ሞተሩን ወዲያው በማጥፋቱ ሞተሩ ተረፈ። እስከ ዛሬ ፊልትሮ ስፈታ ቦታውን በጣቴ እዳብሳለሁ።

ደረጃ 8፦ የሚቀጥለውን ጊዜ ይወስኑ

መጽሐፍዎ ሁለት የመቀየሪያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ አንዱ ለመደበኛ፣ ሌላው ለከባድ አገልግሎት። በብዙ ቶዮታዎች 10,000 እና 5,000 ኪሎ ሜትር ናቸው። አቧራ፣ አጭር የከተማ ምልልስ፣ ሞተር ሳይጠፋ ቆሞ መጠበቅና ጭኖ ዳገት መውጣት ሁሉም ከባድ የሚባሉ ናቸው። የድሬዳዋ ታክሲ አራቱንም ያሟላል። ስለዚህ አጭሩን ይውሰዱ፤ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም በስድስት ወር ይቀይሩ። ቆጣሪው የማይሠራ መኪና በወር ብቻ ይቆጠር።

በዚያው ቀን የአየር ፊልትሮውንም አውጥተው ይዩት። እሱ ከተቀደደ ወይም በደንብ ካልተቀመጠ አቧራው ወደ ዘይቱ ይገባል፤ የዘይት ፊልትሮው የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆን አይችለውም።

ማስጠንቀቂያ

በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ። የተቃጠለ ዘይት ቆዳ ላይ አያቆዩ፤ ጓንት ያድርጉ፣ በሳሙና ይታጠቡ። ድሬዳዋን የሚያቋርጠው ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ዘይት መድፊያ የሚመስለው አለ፤ የፈሰሰው ወደ ከርሰ ምድር ይወርዳል፣ ከተማው የሚጠጣውም የጉድጓድ ውሃ ነው። አሮጌውን ዘይት በባዶ ጄሪካን ይዘው በርሜል ላለው ጋራዥ ያስረክቡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

ዘይት ቀይሮ ፊልትሮ መተው የመጀመሪያው ነው፤ አሮጌው ፊልትሮ ውስጥ የቀረው ጥቁር ዘይት በደቂቃ ውስጥ አዲሱን ያበላሸዋል። ሁለተኛው ከላይኛው ምልክት አሳልፎ መሙላት ነው። ሲሞላ «ይጠግባል» ይባላል፤ የሚሆነው ግን ክራንኩ (ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ዘንግ) ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አይለይም። ዘይት የሚበላ ሞተርን በ20ደብሊው-50 መደበቅም አለ። መብላቱ ለጊዜው ይቀንስ ይሆናል፤ ያለቀው ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ግን ያለቀ ነው። ከዚያ ይልቅ በየሳምንቱ ለክተው የጎደለውን በዚያው ዓይነት ይሙሉ፣ ስንት እንደበላም ይመዝግቡ፤ መካኒኩ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ይህንኑ ነው።

ከቀየሩ በኋላ ማታ ሲያቆሙ ከሞተሩ ሥር ካርቶን ያንጥፉ። ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሡ ካርቶኑን ይዩ፣ ዘይቱንም ይለኩ። ካርቶኑ ደረቅ ከሆነና ልኩ ካልወረደ ጉዞዎን ይቀጥሉ። ጠብታ ካለ ከፊልትሮው ይሁን ከብሎኑ በጨርቅ ጠርገው ይለዩት፤ ደንገጎን ከመውጣትዎ በፊት።